የአርባ አንድ ቁጥር ማኅተም

ሴይንት ፖል፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ የወንበር ጎረቤቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርሽ ጆሮሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ናፍያድ ሰላም ነው? ያላችሁበት የሱ ፎልስ ከተማ ንፋስ ከእኛ ይብሳል ሲሉ ሰማሁ፤ ከእኛ የሚብስ ቦታ መኖሩን በማወቄ ትንሽ ተጽናናሁ። እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችንም አለን። መገርሳ የትምህርት ቤት አውቶቡሱን ይነዳል፤ ቀን ልጆቹን ሲቆጣ ይውልና ማታ የሚቆጣው ሲያጣ ቴሌቪዥኑን ይቆጣል። ልጃችን ኢሊሊ ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀራት። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ምንም አይሰማኝም ማለቴ ነው፤ እሱን እያደር እነግርሻለሁ።

ፊደሌ ተንጋዶ ስታዪው እንዳትስቂ። ቀኝ እጄን ኦፕራሲዮን ሆኜ አምስት ሳምንቴ ነው። እጄን የምታለማምደኝ ልጅ በቀን ግማሽ ሰዓት እስክሪብቶ ይዘሽ ጻፊ ብላ አዘዘችኝ፤ ምን እንደምጽፍ ግን አልነገረችኝም። መጀመሪያ የአስቤዛ ዝርዝር ጻፍኩ። ቀጥዬ መዝሙረ ዳዊት መገልበጥ ጀመርኩና ዳዊት ስለ ኃጢአቱ የሚለምንበት ላይ ስደርስ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ለአንቺ ነው። ይሄ ስድስተኛው ወረቀት ነው፤ አምስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ደውለሽ አትነግሪኝም ነበር ወይ ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ድምፅሽን ስሰማ የጓደኛችንን የማሚትን ሰላምታ አቅርቤ ዘጋሁት። በዚያ ላይ በስልክ አንቺ ትቀድሚኛለሽ፤ ገና አፌን ስከፍት ተይው ትዪኛለሽ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ወረቀት ግን ሰው አያቋርጥም።

ረስተሽው የሄድሽውን የእጅ መደገፊያ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከሥራ የወጣሽ ዕለት መሳቢያሽን ሳጸዳ ከነፕላስቲኩ አገኘሁት፤ እልክላታለሁ ስል ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መደገፊያ ያስፈልግሻል ሲሉኝ እሱን አወጣሁት። ሳልጠይቅሽ በመጠቀሜ ይቅር በዪኝ።

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። ፋብሪካው ውስጥ ያለው የሥራ መስመራችን፣ ላይናችን፣ ተዘጋ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጥንበት፣ የላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰካባትን ክብ ቀዳዳ በጣታችን እየነቀነቅን የፈተሽንበት ጠረጴዛ ተነቅሎ ወጥቷል። ወለሉ ላይ የአራት እግሩ ምልክት ብቻ ቀርቷል። የአንቺ ወንበር የነበረበት ቦታ አሁን ውኃ ማቀዝቀዣ ቆሞበታል።

ምክንያቱን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። አውሮፓውያን ሕግ አወጡ። ካለፈው ኤፕሪል ማለቂያ ጀምሮ እነሱ አገር የሚሸጥ ላፕቶፕ ሁሉ በአንድ ዓይነት አፍ ቻርጅ ይደረግ፣ እሱም ስልካችን ላይ ያለው ጠፍጣፋው ታይፕ ሲ ይሁን አሉ። ስልኩን ቀድመው አስገድደውት ነበር፤ ተራው የላፕቶፑ ሆነ። ሰው አዲስ ዕቃ በገዛ ቁጥር አዲስ ቻርጀር እየተጨመረለት ቤቱ በሽቦ ተሞላ፣ ቆሻሻውም በዛ ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ምስክሩ የእኔ መሳቢያ ነው፤ ሰባት ክብ ቻርጀር አለኝ፣ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ቀዳዳ አይገጥምም፣ የአንዳንዱማ ላፕቶፕ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ቀዳዳውን በፀጉር ስፋት አጥብቦ ወይም አስፍቶ የራሱን ቻርጀር ብቻ ያስገዛሽ ነበር። ሕጉን ልጠላው ፈልጌ አልሆነልኝም። ለሰው ጥሩ ነው። ለእኛ ነው እንጂ።

ኢሊሊ በእንግሊዝኛዋ፣ አውሮፓ ያወጣው ሕግ ሜፕልዉድ ያለውን ፋብሪካችሁን ምን አገባው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የላይናችንን ኃላፊ ምንዳዬን እሱኑ ነበር የጠየቅኩት። ምንዳዬን ታውቂዋለሽ፤ ክፉ ነገር ሲናገር እንደ ሰባኪ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በምሳ ሰዓት ሰብስቦን አስረዳን። ሥራ የሚሰጠን ኩባንያ፣ ያ ለግንባታና ለእርሻ ሰዎች የሚሆነውን ወፍራም፣ ቢወድቅ የማይሰበር ላፕቶፕ የሚሠራው፣ ግማሹን የሚሸጠው አውሮፓ ነው። ለእነሱ አንድ ዓይነት ለአሜሪካ ሌላ ዓይነት ልሥራ ቢል ሁለት የቅርጽ ማውጫ ሞልድ፣ ሁለት ቦርድ፣ ሁለት ዓይነት ፍተሻ፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ሊይዝ ነው። ትልልቆቹ ይችሉት ይሆናል፤ እሱ ግን አይችልም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ አደረገው። ለጥገና የሚሆን የመጨረሻ የክብ ቀዳዳ ትእዛዝ ሰጠን፣ ጃንዋሪ ላይ የመጨረሻው ትሪ ወጣ፣ ሞልዱ ለቁርጥራጭ ብረት ተጫነ።

አዲሱ ታይፕ ሲ ደግሞ በሆዱ ሃያ አራት ጥቃቅን እግር ይዞ የመጣ ነው። የሰው እጅ አይነካውም። ማሽን ያጣብቀዋል፣ ማሽን ጎትቶ ይፈትነዋል፣ ሰው በስክሪን ላይ አጉልቶ ያየዋል። ሃያ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ የሚፈለጉት አምስት ናቸው ተባለ። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ምንዳዬ ስሜን ሲጠራ ምክንያቱንም አብሮ አነበበ። በማኅተሜ፣ በሠላሳ ስምንት ቁጥር፣ ያለፈ ዕቃ አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ከእኔ በፊት የተቀጠረችው የሺሀረግ ስሟ አልተጠራም፤ እሷም አጨበጨበች። እኔ ፈገግ አልኩ። ፈገግ ማለቴን ያወቅኩት ጉንጬ ሲወጠር ነው። እጅ የማያስፈልግበት ሥራ ሲመጣ፣ እጅ የሌላት እኔ ቀረሁ።

ስለ እጄ አንድም ቀን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም። መጀመሪያ ጠዋት ስነሣ አውራ ጣቴና ሁለቱ ተከታዮቹ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ጉንዳኑም ተወኝ። ለነርሷ ብናገር ከፍተሻ ወንበር ያነሡኛል ብዬ ፈራሁ። ያን ዓመት መገርሳ በወገቡ ተይዞ ቤት ተኝቶ እንደነበር፣ የእሱም ሕክምና፣ የልጅቷም፣ የእኔም በእኔ የሥራ ኢንሹራንስ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ዝም አልኩ። ጣቴ ያልነገረኝን ዓይኔ እንዲነግረኝ ተማርኩ። ቀዳዳውን እየነቀነቅኩ በማጉያ መነጽሩ ሥሩን አያለሁ፤ የላላ ከሆነ የመብራቱ ነጸብራቅ ቀዳዳውን ከቦርዱ በሚያጣብቀው ሶልደር ላይ ይላወሳል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይስትም። አንቺ ሦስት ትሪ ስትጨርሺ እኔ ሁለት ላይ ነበርኩ። ቀስ ባይዋ እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ መስከረም አካባቢ ይመስለኛል፣ የጎደለች ሶልደር እየሞላሁ ስለ የሺሀረግ ልጅ ሠርግ አወራሽ ነበር። የጋለው ብረት ጣቴ ላይ አርፎ ኖሯል። ሽታው ቀድሞ አንቺ ጋ ደረሰ። እጄን ብድግ አድርገሽ አላቀቅሽው፣ ከቦርሳሽ ቅባት አውጥተሽ ቀባሽኝ፣ በፋሻ ጠቀለልሽልኝ። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ፣ ሙሽራዋ ስለለበሰችው ነበር። አንቺ ያን ቀን እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርሽም። ደክሟት ነው ብዬ ነበር።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። የማሚት እናት አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ ያረፉበት ሳምንት። አንቺ ከእኔ በላይ ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ የምጽፈው ራሴን ወደዚያ ለማስገባት ነው። ሬዲዮና ስልክ የሚቀድመው ዘመን ላይ ሆነን መርዶ እንደ አባቶቻችን ካልነገርን ሞተን እንገኛለን። ሴይንት ፖል በሙሉ የማሚት እናት መሞታቸውን ያውቃል፣ ማሚት ብቻ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቋ ውስጥ ቆማ ሻሽ ትሸጣለች። ባሏ ስልኳን ተበላሽቷል ብሎ ደብቆታል። ሽማግሌዎቹ ለስምንት ሰዓት ቀጠሩ፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ። ያለ አንቺ አንሄድም አሉ፤ ስትወድቅ የምትይዣት አንቺ ነሽ።

ፋብሪካው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። በዚያ ደንብ የሚለቀሰው ለእናት፣ ለአባት፣ ለባል፣ ለልጅና ለወንድም ለእህት ነው። የጓደኛ እናት አትሞትም። ስለዚህ እኛ የራሳችንን ደንብ አወጣን፤ ለቅሶ ያለባት በምሳ ሰዓት ትወጣለች፣ የቀረችው ድርሻዋን ትፈትሽላታለች፣ በማኅተሟ ትመታላታለች፣ ሲወጡ ሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ባጇን ትነካላታለች። አንቺ ለእኔ አራት ጊዜ አድርገሽልኛል። አንዱማ ለአጎቴ ሚስት ወንድም ነበር፣ ሰውየውን በሕይወቱ አይቼው አላውቅም። ባለጌ ሥራ ነው ብለን አስበን አናውቅም። ለቅሶ መቅረት ነበር ባለጌነት።

በምሳ ሰዓት አርባ አንድ ቁጥር ማኅተምሽን እጄ ላይ አኖርሽና ሄድሽ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ አራት ትሪ ነበር፣ የአንቺም አራት። ለመውጫ የቀረው ሦስት ሰዓት ከግማሽ። እንዴት እንደፈተሽኳቸው ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። አምስቱ ወረቀት የተቀደደው እዚህ ላይ ነው።

የሆነውን ታውቂዋለሽ። በጸደይ ላፕቶፖቹ መመለስ ጀመሩ። ቻርጀር ሲሰካ ቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚገባ፣ አንዴ የሚሞላ አንዴ የሚዘጋ፣ አሥራ አራት ዕቃ። ሁሉም አርባ አንድ ቁጥር ማኅተም አለባቸው። ማናጀሩ ቶማስ አስጠራሽ። እኔ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ሁለቱን እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ከሰዓት አልነበርኩም ብትዪ ማኅተም ማዋዋሳችን ይወጣል፣ ሁለታችንም እንባረራለን። እኔ ገብቼ ብናገርም ያው ነው። ቢያንስ ያኔ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። አንቺ ማኅተሙ የእኔ ነው አልሽ። ሌላ አልጨመርሽም። ተባረሽ ስትወጪ አየሽኝና ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ አልሽ፤ ምሳሽን ብዪ እንጂ አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገብቼ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት፣ ጠዋት ራሷ የፈተሸቻቸው ይሆናሉ እያልኩ ኖርኩ። ማን ያውቃል እያልኩ። ማን ያውቃል ጥሩ ትራስ ነው፤ ተኛሁበት። ባለፈው ገና ማሚት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አንቺ ጋ አጠገባችሁ ያለ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲፈልግ ናፍያድ ፎርም ቢያመጣልሽ እጄ አይታመንም ብለሽ እንደመለስሽው ነገረችኝ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ነው አለችኝ። ከማውቃቸው ሁሉ አንደኛዋ ፈታሽ አንሶላ ታጥፋለች። ይሄን ስሰማ ምንም አልተሰማኝም። ሻይ ቀዳሁላት።

ጃንዋሪ ላይ መጋዘኑን ስናጸዳ ምንዳዬ የተመለሱ ዕቃዎች የያዘ ካርቶን ሰጠኝ፤ ቦርዶቹን ለይቼ ለቁርጥራጭ እንድጥል ነው። ከላይ ያንቺ አሥራ አራት ነበሩ። እያንዳንዱ ላይ ያለፈበት ትሪና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያው ነበር፤ ሰዓቱን ያነበበ አልነበረም፣ ማኅተሙን አይተው በቃቸው። አነበብኩት። ሰባት ሰዓት ተኩል። ስምንት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ስምንት ሰዓት ላይ አንቺ ማሚትን ደግፈሽ ይዘሽ ነበር። ጠዋት ካለፉት ትሪዎችሽ አንድም፣ አንድም ዕቃ አልተመለሰም።

በማግሥቱ ቶማስ ቢሮ ገባሁ። ወንበሬን ላጣ ቆርጬ ነው የገባሁት፣ መገርሳም አያውቅም። ሁሉንም ነገርኩት፤ መርዶውን፣ ማኅተሙን፣ ባጁን፣ እጄን። መርዶ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ያ ዕቃ ዕድሜው አብቅቷል አለኝ። ክብ ቀዳዳ የሚባል ምርት ከእንግዲህ የለንም፣ ፋይሉም ከምርቱ ጋር ተዘግቷል፣ የእጅ ማኅተምም ቀርቷል፣ ተሰብስቦ ባልዲ ውስጥ ነው አለኝ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበር ጻፍልኝ ብዬ ብለምነው፣ ለወጣ ሠራተኛ ልንሰጥ የምንችለው የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን ብቻ ነው አለ። ከዚያ ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገነኝና ለማይክሮስኮፑ ሥልጠና ሰኞ እንድመጣ አስታወሰኝ። በደሌን ይዤ ገባሁ፣ በደሌን ይዤ ወጣሁ። አውሮፓ ቀዳዳውን ሲሽረው የእኔንም ጥፋት አብሮ ሻረው። እነሱ ዘንድ የሚጠይቀኝ የለም።

መገርሳ ሲሰማ፣ እነሱ ካልፈለጉት አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይላል አለኝ። ይላል። ግን አንሶላ የምታጥፈው እግዚአብሔር አይደለም።

ከአሥራ አራቱ አንዱን ቦርድ ቁርጥራጭ ውስጥ አልጣልኩትም። ቤት ወስጄ ከማንኪያዎቹ ጋር አስቀመጥኩት። ማታ ማታ እያወጣሁ እነቀንቀው ነበር። በጣቴ ምንም፤ በዓይኔ ግን ሲላወስ አየዋለሁ። ከዚያ ኤፕሪል ላይ እጄ ተከፈተ። ስፌቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንቁላል ልጠብስ ማንኪያ ስፈልግ ቦርዱን አነሣሁት። አውራ ጣቴ ክቡ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ተነቃነቀ። በጣቴ ሰማሁት። እንደ ልጅ ጥርስ ነው የሚነቃነቀው፤ ፈታሽ መሆን አያስፈልግም፣ ማንም ሰው ያውቀዋል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኢሊሊ ወርዳ አመመሽ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ደስ አላት፤ ሐኪሙ ሕመም ከተሰማት ነርቩ እየተመለሰ ነው ብሏት ነበር።

አሁን ልጻፈው። ያን ቀን ከሰዓት ስምንት ትሪ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ በማጉያ መነጽር ማየት አይቻልም። አራቱን ብቻ ይቻላል። መጀመሪያ የራሴን አራት አነሣሁ። አንድ በአንድ፣ በዓይኔ፣ በማጉያው፣ እያጠራሁ ፈተሽኩና ሠላሳ ስምንትን መታሁባቸው። ሰዓቱን ሳይ የቀረው ሃምሳ ደቂቃ ነበር። ያንቺን በጣቴ ፈተሽኩ። እንደማይሰማ በማውቀው ጣቴ። ነካሁ፣ መታሁ፣ ነካሁ፣ መታሁ። ሰዓቶቹን ወረቀቱ ላይ እያከፋፈልኩ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፣ ሁለታችንም እኩል ስንሠራ የዋልን እንዲመስል። መርዶው ቸኩሎብኝ ነው እንዳልል መርዶው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ የራሴን አማስዬ ያንቺን አሳረርኩት። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ማኅተም አንድም ቀን ተመልሶበት የማያውቀው ለዚህ ነው። ያጨበጨቡልኝ ለዚህ ነው።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጻፍኩም፤ የምትዪውን አውቀዋለሁ፣ አንብበሽ ሳትጨርሺ ነው ይቅር የምትዪው። የጻፍኩት እጅሽ ደህና መሆኑን እንድታውቂ ነው። ዓይንሽም አልደከመም። በማኅተምሽ የተመለሰ ዕቃ ሁሉ አንቺ ያልነካሽው ነው። ቦርዱን ከነወረቀቱ ፖስታው ውስጥ ከትቼልሻለሁ። የሆነውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ ኢሊሊ እየተየበች አስተካከለችልኝ፤ መሃሉ ላይ ስትደርስ መተየቧን አቁማ አየችኝ፣ ከዚያ ቀጠለች። ምንዳዬም ምስክር ሆኖ ፈርሟል። ፎርሙን ካልጣልሽው ከእሱ ጋር አያይዢው። ከጣልሽውም ናፍያድ ሌላ ያምጣልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ያቺ የምታለማምደኝ ልጅ መደገፊያውን ገልብጣ አይታ፣ ይሄን ማን ለክቶ ገዛልሽ አለችኝ። ጓደኛዬ ረስታው ነው አልኳት። የቀኝ እጅ ነው፣ ትልቁ ቁጥር ነው፣ ልክሽ ነው አለችኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው አመሸሁ። አንቺ ግራኝ ነሽ። የእጅሽንም ልክ አውቀዋለሁ፤ ጓንት ሲታደል ላንቺ ሁልጊዜ የሚመጣው ትንሹ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልመልስልሽ ፖስታው ውስጥ ከትቼው ነበር። አወጣሁት።

ናፍያድን ሳሚልኝ። ጆሮሽን ከንፋሱ ሸፍኚ። ቤትሽ ሰላም ይሁን፣ የምትነኪው ሁሉ ይጽናልሽ፣ ስምሽን ሳትጽፊበት ያደረግሽውን ሁሉ ጌታ በስምሽ ይቁጠርልሽ።

የወንበር ጎረቤትሽ